ባንተ ፈንታ አቤት ስል

ይድረስ ለወንድሜና ለወንበር ጎረቤቴ፣

ግንባር እንደምን ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ብቻ ዜና ሲጀምር ሬዲዮኑን መዝጋት ለምዳለች።

የማስተርስ ትምህርታችን እዚሁ ካምፕ፣ አሮጌው መጋዘን ውስጥ ቀጥሏል። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣው መምህር ሲቪል ስለሆነ የእኛን የወታደሮቹን ልማድ አያውቅም፤ ግዳጅ የሄደ ሰው ስሙ ሲጠራ፣ አጠገቡ የሚቀመጠው «አቤት» ይልለታል። ላንተ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ የምለው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አልቀረህም፤ ጎበዝ ተማሪ!

ትናንት ግን ስምህ ሲጠራ ጉንፋን ድምፄን ዘግቶት ዘገየሁ። አፌን ሳልከፍት ከባዶው ወንበርህ በኩል «አቤት» ተባለ፤ ብርድ የመታው የወንድ ድምፅ። ከፊቴ የሚቀመጠው ሻምበል ዞር ብሎ፣ «ዛሬስ ቁርጥ እሱን መሰልሽ!» አለኝ። ሳቅኩለት።

ካፖርትህን ደርብ እሺ? ከእንግዲህ ቶሎ ብዬ አቤት እላለሁ፤ አንተ አትልፋ። በእግርህ እስክትመጣ በጤና ያቆይህ።

እህትህ