ኮምፒውተርን በጆሮ ያክሙ የነበሩት የጋሽ ብሩሽ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ጋሽ ብሩሽ እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከመኪና መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ «አንተ» ስላቸው ኖሬ ዛሬ ለወጉ ስል አንቱ ብያቸዋለሁ። ቢያዩኝ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ያደግንበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአንዱ እንተኛለን፣ በሌላው እናታችን ይሰፋሉ። ጋሽ ብሩሽ ገና በልጅነታቸው አልጋ ላይ ተጋድመው የስፌት መኪናውን ድምፅ ያዳምጡና «መርፌው ሊሰበር ነው» ይሉ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ይሰበራል። እናታችንም ለጎረቤት ሁሉ «ይሄ ልጅ የሚያየው በጆሮው ነው» እያሉ ያወሩላቸው ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለዋል። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አብረዋቸው የተማሩ ሰዎች እዚህ ስላሉ ትቼዋለሁ። በ1973 ዓ.ም. ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው በቢሮ መሣሪያዎች ጥገና ተመረቁ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ በውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆነው ተቀጠሩ። በ1987 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲገባ እሱንም ይዩት ተባለ።

መሥሪያ ቤቱ ካልተነጠፈ መንገድ ዳር ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በመስኮት ይገባና ወረቀቱ ላይ፣ የሰው ትከሻ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ኮምፒውተሮቹ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ጠረጴዛው በየጠዋቱ ይወለወላል፤ የኮምፒውተሩን ሆድ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጋሽ ብሩሽ ክዳኑን ሲከፍቱት ውስጡ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስል ነበር። ስማቸውን ያተረፉትም ከሸሚዛቸው ኪስ በማትጠፋ አንዲት የቀለም ብሩሽ ነው።

ተጠርተው ሲመጡ መጀመሪያ የሚመለከቱት የማሽኑን ጀርባ ነው። «ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» እያሉ ገመዶቹን ይነካካሉ። ቀጥለው ክፍሉን ጸጥ ያሰኙና ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ያስነሱታል። ረዥም ጩኸት ካሰማ ሜሞሪው ነው፤ ነቅለው ጥርሱን በላጲስ ፈግፍገው ይመልሱታል። ማራገቢያው ካጉረመረመ በአቧራ ታንቋል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ፊታቸው ይለወጣል፤ የሰው ሥራ ሊጠፋ ነውና ከጥገናው በፊት ፋይሉን ለማትረፍ ይሯሯጣሉ። ሁሉም ሲስተካከል ማሽኑ አንዲት አጭር ድምፅ ያሰማል። ደህና ነኝ፣ ተነስቻለሁ ማለቱ ነው። ያቺን ድምፅ ከሰሙ ክዳኑን ገጥመው፣ ብሎኑን አጥብቀው ይሄዳሉ። ሻይ ይጠጡ ተብለው ቢለመኑ እንኳ አይቆዩም ነበር።

ጥፋተኛ መፈለግ አይወዱም። ገመዱን በእግሩ ጎትቶ የነቀለውም፣ ዳቦ እየበላ ፍርፋሪ ያራገፈበትም ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «አቧራ ነው።» የገንዘብ ያዧ ኪቦርድ ውስጥ ሻይ ከነስኳሩ ደርቆ ሲያገኙ እንኳ ያንኑ ነው ያሉት። ባልደረቦቻቸው «ጣፋጩ አቧራ» እያሉ ሲስቁ ኖረዋል።

በዚያው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይታመም ነበር። ኋላ እንደሰማነው ጸሐፊዋ የጀርባውን ገመድ በገዛ እጃቸው ላላ እያደረጉ ነበር የሚያስጠሯቸው። ጋሽ ብሩሽም በመጀመሪያው ቀን ነቅተውበታል። ቢሆንም ብሩሻቸውን አውጥተው፣ ቀስ ብለው ሲጠርጉ ቆይተው፣ «አቧራ ነው» ማለታቸውን አልተዉም። በሥራ ላይ ሻይ የጠጡትም በዚያ ክፍል ብቻ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከእኚሁ ጸሐፊ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ ጆሯቸው መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ችግሩ የነርቭ እንደሆነና የሄደው እንደማይመለስ ነገራቸው። ሆድ ይፍጀው ብለው ለማንም ሳይናገሩ ያዙት። በጣም ፈርተው ነበር። ሥራቸው ጆሯቸው ነው፤ ያ ከሄደ ከሰው ጋር የሚያገናኛቸው ሌላ ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር።

አንድ ቀን የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ከበዋቸው ቆመው ሳለ አንድ ማሽን አስነሱ። ማሽኑ ይጮሃል፤ እሳቸው ግን ድምፅ የለውም፣ ማዘርቦርዱ ሞቷል አሉ። ባለቤታቸው ፋይል ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ገብተው እጃቸውን የባላቸው ትከሻ ላይ አሳረፉና፣ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር በጣታቸው ረዘም አድርገው ጫን አደረጓቸው። ጋሽ ብሩሽ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ላጲሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባል ሲጠሩ ሚስትም ሥራቸውን ገታ አድርገው ይከተላሉ። ነገሩን የማያውቁ አዳዲስ ሠራተኞች የእነዚህ ሰዎች ፍቅር አያልቅም ወይ እያሉ ያሟቸው ነበር፤ ሐሜቱም ስህተት አልነበረበትም። ባልና ሚስት ከአንድ ባህር ይቀዳል ሲባል እሰማለሁ፤ ጆሮ የሚዋዋሱ ግን እነሱን ብቻ ነው ያየሁት።

እያደር ጭራሽ መስማት ሲያቆሙ ልማዱ ወደ ቤት ገባ። ጋሽ ብሩሽ አመሻሽ ላይ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው ይዘረጋሉ፤ ቤተሰቡ እንዴት ነው ማለታቸው ነው። ወንዱ ልጅ ከሥራ በሰላም ከገባ፣ ራቅ ካለ ከተማ ያለችው ሴት ልጃቸው ደውላ ደህና ነኝ ካለች፣ ባለቤታቸው መዳፋቸውን አንዴ አጠር አድርገው መታ ያደርጉታል። እሳቸውም መዳፋቸውን ጨበጥ አድርገው ወደጀመሩት ይመለሳሉ። ቤታቸው ስሄድ የእኔም ሰላምታ ይኸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። መሰናበት ካሉት ነው፤ በረንዳቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የሰፈሩን ማሽን ሁሉ ሲጠርጉ ነበር የሚውሉት። ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሳል ያዛቸው፤ ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ ተገኘ። ከሕክምና ሲመለሱ ተሰብስበን ጠበቅናቸው። ምን እንደተባሉ በዓይናችን ስንጠይቃቸው ፈገግ አሉና «አቧራ ነው» አሉን። ልባችን የወደቀው ያኔ ነው። ጋሽ ብሩሽ ይህን የሚሉት ሰው እንዳይሸማቀቅ፣ እንዳይደነግጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበርና።

ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ዓይናቸው ተከድኖ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ ሳለ መዳፋቸውን ገለበጡ። ባለቤታቸው እጃቸውን ሊያሳርፉ ሄደው መለሱት። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ፤ ደህና ነው የሚባል ነገር በዚያ ክፍል አልነበረም። መዳፉ እንደተዘረጋ ቆየ። በመጨረሻ ባለቤታቸው አንዴ፣ አጠር አድርገው መታ አደረጉት። ጋሽ ብሩሽ መዳፋቸውን ጨበጡ። ያቺን ካገኙ በኋላ አይቆዩምና፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ጋሽ ብሩሽን ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ታላቅ ወንድማቸውና እኔ እናለቅስላቸዋለን፤ አቧራ ነው ብለው ያዳኗቸው ባልደረቦቻቸውም ከጎናችን ቆመዋል። ባለቤታቸው ትናንት ዋሸሁት ይሆን ብለው ጠይቀውኛል። አልዋሹም። ዛሬ ባይሆን ነገ ደህና እንሆናለን፤ ይህንንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን አቧራ በማይደርስበት ቦታ ያሳርፍልን፤ የደከመ ጆሯቸውንም በመልካም ድምፅ ይክፈትላቸው። እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርብኝ። ወንድሜ፣ ደህና ነን። ሂድ።