ዘጠኝ ያልኩበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከሰዓት በኋላ

አጥሩ አላለቀም። ቀርከሃው አነሰ። ግማሹ ላይ እያለሁ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ መጣች። ለጥናት ነው አለች። ጣሪያውን፣ ውኃውን ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ የመሰላል ሥዕል አሳየችኝ። አሥር እርከን። ከላይ ከሁሉ የተሻለ ኑሮ፣ ከታች ከሁሉ የከፋ። እኔ የቱ ላይ ነኝ?

ዘጠኝ አልኳት። እግ/ር ይመስገን፣ ሌላ ምን ይባላል? አሥረኛውን ለእሱ ተውኩ።

ሲቸግርዎ የሚያማክሩት ሰው አለ ወይ አለች። አለ። ማን? ባለቤቴ።

ቀጥላ በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል ስትል፣ ብቻዬን ነኝ አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ያልኩትን እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። ባለቤቴ የሺ ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጎረቤቴ አያ ደሴ ሲስቅብኝ ዋለ። እሱ ሦስት ብሏል። ዘጠነኛው ላይ ተቀምጠህ ጫግኒ ከተማ ትታይሃለች ወይ ይለኛል። ሳቁን ሲጨርስ ተቆጣ። የአንተን ዓይነት ዘጠኝ ሰብስበው ሕዝቡ ተመችቶታል ቢሉ፣ ለጤ/ጣቢያው መድኃኒት ማን ያመጣል? ሦስቱ እውነት ነው ወይ አልኩት። አራት ነበር፣ አንዱን ለመድኃኒቱ ቀነስኩ አለ።

እኔ ለእግ/ር ጨመርኩ፣ እሱ ለመድኃኒት ቀነሰ። አገሪቱ ከሁለታችን መሃል የት እንዳለች እንጃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ ስመለስ ልጅቱን መንገድ ላይ አገኘኋት። ይሄ ሁሉ ጥያቄ ለምንድን ነው አልኳት። እስካሁን አገር አደገ የሚባለው የተመረተውና የተሸጠው ተደምሮ ነው፣ እሱ ብቻውን ሰው እንዴት እንደሚኖር አያሳይም አለች። ገባኝ ብዬ መጣሁ። ቤት ስገባ ጠፋብኝ።

የሺ የታመመች ጊዜ ፈረሱን ሸጥኩ። ዛፉን ለከሰል ሸጥኩ። መድኃኒት፣ አልጋ፣ የባሕር ዳር መኪና። በዕድሜዬ እንደዚያ ዓመት ሸጬም ገዝቼም አላውቅ። በዚያ ሒሳብ እሷ የሞተችበት ዓመት እኔ ያደግሁበት ነው። በደህናው ጊዜ ለአራስ ጎረቤት ወተት ይዛ ስትወጣ ግን ማንም አልመዘገበላትም። ይቅር በለኝ፣ ምን እያልኩ ነው።

ልጅቱ ሰኞ እመለሳለሁ ብላለች። ባለቤቴን አማክራለሁ ማለቴና ብቻዬን ነኝ ማለቴ አይገጥሙም። አፍራ ነው የነገረችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ። ዘጠኝ ማለቴ ውሸት ነው ወይ? ማጉረምረም ኃጢአት ነው ብዬ እኮ ነው። "ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፤ ልጅቱ የጠየቀችው ግን አንተን ነው" አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰንበቴው ገቡ። የባሰ ግራ ገባኝ። ደብተሬ፣ ሁለቱን እንዴት አድርጌ ነው የምለያቸው?

ቤት ስደርስ ልጄ አለምነሽ ከዳንግላ ደወለች። እንዴት ነህ? ደህና። በላህ? አዎ። እኔ ጋ መጥተህ ኑር ትላለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ምን ጎደለኝ ብያት ዘጋሁ።

አልበላሁም ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ጾም ገባ

ልጅቱ መጣች። መሰላሉን ደግማ አሳየችኝ። አራት አልኩ። ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ። ምንም አልሆነም፣ ዶሮዎቹ ይጭራሉ።

የሚያማክሩት ሰውስ? የለም ልል ነበር። ልጅ አለችኝ አልኩ። መቼ አማከሯት? አላማከርኳትም። እንዳትጨነቅብኝ ደህና ነኝ ነው የምላት። የልጅቱ ጣት ታብሌቱን ሳይነካ ቆመ።

"አባባ፣ አለ ልበል ወይስ የለም?"

እዚህ እስከ መቼ ነሽ አልኳት። እስከ ረቡዕ። እንግዲያው እሱን ክፍት ተይልኝ አልኳት። እሺ አለች።

ያው ሰኞ፣ 11 ሰዓት

ላሟን ለአያ ደሴ አደራ ሰጠሁ። ወዴት ነው አለ። ዳንግላ። ማን ታመመ? ማንም አልኩት። አላመነኝም።

ነገ በጠዋት ባጃጅ እስከ እንጅባራ፣ ከዚያ ሚኒባስ። በስልክ አይሆንም፣ እንዴት ነህ ስትለኝ አፌ ይቀድመኛል። ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት። የምላትን እዚህ ልጽፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። አለም፣ እናትሽ ከሄደች ወዲህ እኔ…