ውሻችን መከታ ወፈረ

ለልጄ ለሐና፤ ክረምቱን እንደምን ከረምሽ? እኛ እዚህ ቀየት ያለው ብርድ ካልሆነ በቀር፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነን።

እህትሽ ብሌን ውፍረቷን ለመቀነስ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ካሳነሰች ወዲህ እኔ ዘንድ ናት። ሐኪሙ እንዳዘዘው ጥቂት ጥቂት፣ ግን ሳታቋርጥ መብላት አለባት። ስለዚህ እንቁላል እቀቅልላታለሁ፤ የገብስ አጥሚት በወተት ቀጠን አድርጌ አፈላላታለሁ። "ሰው ሲያየኝ አይወርድልኝም፣ አባዬ" ስለምትል ክፍሏ ድረስ አስገባላታለሁ። ቀስ ብላ አኝካ እንድትውጥ ነግረዋት ነበር፤ ሳህኑ ግን ገና በሩን ከመዝጋቴ የተላሰ መስሎ ይወጣል። ቀሚሷንም እያጠበበች መስፋቷን አልተወችም።

መከታ ደግሞ ከመስኮቷ ሥር አልነሳ ብሏል። ጎረቤታችን በለጠች አይታው፣ "መምህር፣ አጥሚቱን የሚጠጣው ማን ነው? ውሻዎ አራስ መሰለ እኮ!" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ትናንት መከታን ወስጄ በበለጠች ግቢ አሰርኩት። አጥሚቱም እንቁላሉም ሳይነኩ እንደ ገቡ ወጡ። "ዛሬ አላሰኘኝም" አለችኝ ብሌን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። አልተቆጣኋትም።

ለመስቀል እመጣለሁ ያልሽውን ወደዚህ ሳምንት ብታደርጊው ደስ ይለኛል። ለእኔ ጋቢም ስኳርም አትሸከሚ። ከእሷ ጋር አንድ ገበታ የሚቀርብ ሰው ነው የጎደለን።

አምላክ በደኅና መንገድ ያምጣሽ።

አባትሽ አጥናፉ