ግራም ቀኝም እንዲሆን ስለታዘዘው የሰባተኛ ቤት መዝጊያ

ለተከበሩ የክቡ ሕንፃ አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ትእዛዝዎ የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔና ልጄ ደህና ነን። በራችን ከተነቀለ ወዲህ ንፋሱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ስለሚገባልን የአየር እጥረት የለብንም፤ ለዚህም ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ፣ ነገሬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. ስለ ትእዛዙ። በፎቃችን ክብ ኮሪደር ዙሪያ ሰባት ቤቶች አሉ። እርስዎ ለውበት ሲባል የማንኛውም ቤት መዝጊያ ከግራም ከቀኝም ጎረቤቱ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በግራ ወይም በቀኝ ማጠፊያ፣ እንዲታሰር አዘዙ። እሰየው! አንደኛው ቤት፣ ማለትም የእርስዎ፣ በግራ ታሰረ፤ ሁለተኛው በቀኝ፤ ሦስተኛው በግራ፤ እንዲህ እያለ ስድስተኛው በቀኝ ሆነ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ መዝጊያዬ ከስድስተኛው ለመለየት ግራ፣ ከእርስዎ ለመለየት ደግሞ ቀኝ መሆን ነበረበት።

2. ስለ አናጢው። በግራ ሲያስረው እርስዎ ብቅ ብለው «ከእኔ ጋር ተመሳሰለ» አሉ። በቀኝ ሲያስረው የስድስተኛ ቤቷ ነርስ «እትዬ፣ የኔን ኮረጁ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። አናጢው ሲያስርና ሲፈታ ውሎ «እትዬ መምህር፣ ይሄ እንጨት ወንፊት ሆነ፤ እናንተ ስትስማሙ ጥሩኝ» ብሎ መዝጊያውን ግድግዳ አስደግፎት ሄደ።

3. ስለ ብልሃትዎ። የነርሷን መዝጊያ አስገለበጡና የእኔ ገጠመ፤ ወዲያው ግን የእሷና የአምስተኛ ቤቱ ልብስ ሰፊ ተመሳሰሉ። የልብስ ሰፊው ሲገለበጥ ከአራተኛው ጋር ተጋጨ። ጥፋቱ እንደ ቁንጫ ከቤት ቤት እየዘለለ እርስዎ ደጃፍ ሲደርስ፣ «ሁሉም እንደነበረው ይመለስ፤ ጥፋቱ የሰባተኛ ቤት ነው» ብለው ፈረዱ። እንዲህ ያለ ፍትሕ ማየቴ ዕድለኛ ያሰኘኛል።

4. ስለ ልጄ። ሰኞ የዶክትሬት ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ታቀርባለች። የምታጠናው የኦፐሬተር አልጀብራዎችን ጥቅል ነው። ይህ አልጀብራ የሥራው ቅደም ተከተል ለውጥ የሚያመጣበት ሒሳብ ነው፤ መጀመሪያ ካልሲ ቀጥሎ ጫማ ማድረግና መጀመሪያ ጫማ ቀጥሎ ካልሲ ማጥለቅ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ። በአንድ ቅርጽ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ነጥብ እንዲህ ያለ አልጀብራ ይቀመጣል፤ ለየብቻቸው ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ልክ እንደ ቤቶቻችን። ቅርጹን ከነተሸከማቸው አልጀብራዎች የሚያሽከረክሩና የሚገለብጡ ሲሜትሪዎችም አሉ። የልጄ ጥያቄ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር እየገጠመ ሄዶ ዙሩ ሲዘጋ ስንት ዓይነት ጠማማነት ሊገኝ ይችላል የሚል ነው። አልጀብራዊ ቶፖሎጂ የሚባለው የቅርጾች ሒሳብ ለጠማማነቱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መለያው ዜሮ ካልሆነ የፈለጉትን ጎረቤት ቢገለብጡ አይቃናም። ትእዛዝዎን በሰማች ጊዜ ቀና ሳትል «እማዬ፣ ጥፋቱ አንድም በር ላይ የለም፤ ያለው ዙሩ ላይ ነው» አለችኝ።

5. ስለ እንግዶቻችን። ክፍት ሆኖ ያዩት ሁሉ ቤታችን የእርስዎ ቢሮ እየመሰላቸው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ልብስ ሰፊው የልጄን ጥቁር ሰሌዳ አይቶ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ በር ነው?» ቢላት፣ «ኧረ ጋሼ፣ ለበሩስ ግማሽ መስመር ይበቃ ነበር» አለችው። ንፋሱ ወረቀቷን ይዞባት ስለሚሄድ የዋናውን ማረጋገጫ ሁለተኛ ገጽ ነርሷ ማድቤት አገኘነው። ሰኞ ግን ፈታኞቹ ሁሉንም ገጽ ይጠይቋታል፤ የዓመታት ልፋቷም የሚመዘነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ መዝጊያዬ በግራም ይሁን በቀኝ፣ ብቻ ከሰኞ በፊት እንዲገጠም በትሕትና እለምናለሁ። ትእዛዝዎ የግድ ይከበር ካሉ፣ ልጄ ኮሪደሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከአሥራ አራት ቤት በኋላ እንዲገናኝ ሐሳብ አቅርባለች። ይህ ሳያስቅዎ አይቀርም፤ ሒሳቡ ግን ልክ ነው።

ለጥበብዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ደጃፌ ወለል ብሎ የተከፈተ፣
ሊጎበኟት ቢመጡ ማንኳኳት የማያስፈልግዎ ጎረቤትዎ፣
ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት፣ ሰባተኛ ቤት።

ደብዳቤው ከተዘጋ በኋላ የታሰበ፦ ትእዛዝዎ ሳይሻር የሚፈጸምበት ቀላል መንገድ ተገኝቷል። ከሰባቱ በሮች አንዱ በግንብ ቢደፈን፣ የቀሩት ስድስቱ ያለ እንከን ይገጥማሉ። የትኛው ይደፈን ለሚለው ሒሳቡ አያዳላም፤ ስድስታችን ግን ትናንት ተሰብስበን በሙሉ ድምፅ መርጠናል። ግንበኛው ነገ ጠዋት ስለሚመጣ፣ ውስጥ ሆነው ይጠብቁት ወይስ ውጭ የሚለውን ለእርስዎ ትተናል።