የጎረቤት በር

መጋቢት ፬ ቀን

አባባ ዛሬ የጎረቤት በር ቁልፍ ነቀለ።

ወንድም ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አንተ በመረጥክልን አራተኛ ፎቅ ላይ አለን።

አባባ የኛ ቤት መክፈቻ በሷ በር አልዞር ሲለው ከኪሱ የማይለየውን ካቻቢቴ አውጥቶ እጀታውን ከነቁልፉ ፈታው። በዚህ መሃል የቤቱ ባለቤት፣ ጎረቤታችን ነርሷ፣ ደረሰች።

«አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቤቴ ልገባ ነዋ! አንቺስ የማን እንግዳ ነሽ?»

በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ማንም ይሳሳታል አልኳት። «ማንም ካቻቢቴ ይዞ አይሳሳትም» አለችኝ።

በድሮው ሰፈር የግማሹን ሰው በር የሠራው እሱ ነበር። ጠዋት ይወጣና በየደጁ ሲያወራ፣ ሲከራከር፣ የዘመመ ሲያቃና ምሳ ይደርሳል። እዚህ ከግቢው ስትወጣ መሻገሪያ የሌለው አስፋልት ነው። የሚቀመጥበት ድንጋይ እንኳ የለም። አንተ በስልክ «ሊፍት አላቸው» እያልክ ለሰው ታወራለህ አሉ። ሊፍቱ ከገባን ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። ና እና አንድ ሳምንት ተቀመጥበት።

ቁልፉን ግን መልሶ ገጠመው፤ ከበፊቱ ለስልሶ ይዞራል። ከሰዓት በኋላ በዚያው በር ስናልፍ ቆሞ እጀታውን ዳሰሰና «ይሄን የገጠመው ማነው? እጁ ይባረክ!» አለኝ።

«አንድ አናጢ ነው» አልኩት።

ቆይ፣ የውጭው በር ተከፈተ። ከኪሱ አውጥቼ የደበቅኩት ካቻቢቴም ካስቀመጥኩበት የለም። ለሚስትህ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ የቀረውን ስመለስ እጽፈዋለሁ፣ እየወጣሁ ነው።

እህትህ