ለማናጀሩ፣ ሳላቋርጠው

ውድ ወንድሜ፣ ማናጀሬ፣

እንዴት ከርመሃል? ፊደሉን ያሳደግኩት አንተ እንደምትወደው ነው፤ ጣትህን ከሥሩ እያስኬድክ ራስህ አንብበው። አክስታችን «ና ላንብብልህ» ካሉህ እምቢ በላቸው። ስለ እኔ ደህና ነገር የለበትም፣ ለብቻህ ብታነበው ይሻለኛል።

እሑድ ዕለት አክስታችን ቤት የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅህ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ አንኳኳሁ፣ በሩን የከፈትክልኝ አንተ ነህ። ፊትህ ፈክቷል፣ ዓይንህ ነቅቷል፣ ያ እቤት ውስጥ እንኳ የማታወልቀው ጃኬት የለም። ሳይህ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፣ እኔ ጋ እያለህ እንዲህ አልነበርክማ። ገና ከመቀመጤ «ወደ ቤት ትመለሳለህ?» አልኩህ። እንደ ልማድህ ቀና ብለህ ጣራውን ማየት ጀመርክ። ቃላትህን ስትሰበስብ እንደዚያ ነህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅኩ መጠበቅ አቃተኝ። «ገባኝ፣ ገባኝ! ተቀይመኸኛል፣ እውነትህን ነው!» ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

አክስታችን እስከ ውጭው በር ተከተሉኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አልመለስም አለኝ።»

«መቼ አለሽ? ልጁ እኮ ገና አፉን ሊከፍት ነበር! አንቺው ጠይቀሽ፣ አንቺው መልሰሽ፣ አንቺው ታኮርፊያለሽ?»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅበት የሄድኩትን ጥፋት፣ እዚያው ሄጄ ደገምኩት። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ወረቀት ላይ ላቋርጥህ አልችልም።

እናታችን ካረፈች ጀምሮ ላውንደሪው ውስጥ እኔና አንተ ብቻ ነን። እኔ አራት ሸሚዝ ስተኩስ አንተ አንድ፤ ግን ያንተን ሸሚዝ ማንም መልሶ አምጥቶ አያውቅም፣ የእኔን ስንቱ ነው መልሶ አምጥቶ «ይሄ እጅጌ ምንድን ነው?» ያለኝ። ማናጀር ያሉህም ደንበኞቹ ናቸው፤ ባዶ እጁን መጥቶ ልብሱን የሚጠይቀውን ሁሉ «ደረሰኝ!» እያልክ በሩ ላይ ስለምታቆመው። ያ የባንኩ ዘበኛ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ አንተ ፊት ሲደርስ ኪሱን ይዳብስ ነበር።

ከዚያ መቀዝቀዝ ጀመርክ። የካውያው እንፋሎት እኔን እያላበኝ አንተ ጃኬት ደርበህ ትንቀጠቀጣለህ። የአንሶላ ክምር ላይ ራስህን ጥለህ እንቅልፍ ይወስድሃል። ወፈርክ፣ ድምፅህ ጎረነነ፣ ደንበኛ ሲገባ ቀና ማለት ተውክ። እኔ ምን አልኩ? ሰነፈ አልኩ። ቆይቼ ደግሞ ዐዋቂ ሆንኩና «የዳውን ሲንድሮም ነገር እንዲህ ነው፣ ዕድሜው ሲጨምር ይብስበታል» እያልኩ፣ አንተ አጠገቤ ቆመህ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ። ማን እንደነገረኝ እንኳ እንጃ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ በቃ ያዝኩት።

ካውያ ይዘህ አንቀላፍተህ የመምህሩን ነጭ ሸሚዝ ያቃጠልክ ዕለት «ምን ላድርግ፣ ከእሱ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?» አልኩት መምህሩን። ካውያውን ከእጅህ ነጠቅኩና ጥግ ላይ አስቀመጥኩህ። መምህሩ ነው አንገቱን የደፋው። እኔ ግን አላፈርኩም።

ሐኪም ቤት አልወሰድሽኝም እንዳትለኝ፣ ወስጄሃለሁ። ዶክተሩ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እኔን ትተው አንተን «ምን ይሰማሃል?» አሉህ። ጣራውን አየህ። ባለ ተራዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ። «ምንም አይሰማውም ዶክተር፤ ዳውን ሲንድሮም ስለሆነ ነው፣ ተፈጥሮው ነው» አልኩ። ቫይታሚን ጽፈው ሸኙን። ደረጃውን ስንወርድ እጄን ያዝ አድርገህ «እቴቴ…» አልከኝ። «ቶሎ በል፣ ሥራ አለብን» አልኩህ።

አክስታችን ሊጠይቁን መጥተው ሲያዩህ ደነገጡ። «ይሄ ልጅ ታሟል፤ ዓይንሽ የት ሄዶ ነው?» ብለው ልብስህን በሻንጣ አድርገው ወሰዱህ። ከእኔ በላይ ሊያውቁት ነው ብዬ ተኮሳተርኩ፣ ሰላምታም በቅጡ አልሰጠኋቸውም። እሳቸው አንዲት ሌላ ሐኪም ጋ ወሰዱህ፤ ያው ጥያቄ ተጠየቅክ። አክስታችን ምን አደረጉ? ምንም። አፋቸውን ዘግተው ቁጭ አሉ። አንተም ጣራውን አይተህ፣ አይተህ፣ «ይበርደኛል። ሁልጊዜ ይደክመኛል። እቴቴ ትናደዳለች» አልክ።

ይህን አክስታችን በስልክ ነገሩኝ። ሐኪም ፊት የሚያምህን ስትናገር እኔንም ከሕመምህ ጋር ቆጠርከኝ።

ደምህ ሲመረመር አንገት ውስጥ ያለው የእንቅርት ዕጢ ሥራው ተዳክሞ ተገኘ። ያስተኛህም፣ ያበረደህም፣ ያወፈረህም እሱ ኖሯል። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለው፤ ይኸው ነው። ሐኪሟን ሄጄ ራሴ ጠየቅኳቸው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ስለሚያጋጥም በየጊዜው በደም ምርመራ መታየት ነበረበት አሉኝ። «ዳውን ሲንድሮም አብሮት የተወለደ ነው፣ በሽታ አይደለም። ግን እሱም እንደማንኛችንም ይታመማል። ሲታመም ተፈጥሮው ነው ተብሎ አይተውም» አሉ። ለመመለስ የምትቆየውም ጥያቄው ሳይገባህ ቀርቶ እንዳልሆነ፣ ገብቶህ ቃሉን ወደ አፍህ እስክታመጣው ጊዜ እንደሚወስድብህ ነገሩኝ። ይሄኛውን እንኳ ሐኪም ሊነግረኝ አይገባም ነበር። አብሬህ ነው ያደግኩት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ለምን ትመልሺለታለሽ ስባል «ላግዘው ብዬ ነዋ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። አንተ ዝም ስትል ሰው ዞር ብሎ ያየናል፣ አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ አንዱ ልጁን ወደ ራሱ ይስባል። ያን ጊዜ ቶሎ ብዬ የሆነ ነገር ካልተናገርኩ የምሞት ይመስለኛል። አፍሬብህ ነበር፣ ወንድሜ። ልጃቸውን ከሰው ዓይን ደብቀው እቤት የሚቆልፉ ሰዎችን ስሰማ «አይ ጭካኔ!» እያልኩ በራሴ እኮራ ነበር፣ እኔማ ሥራ ቦታ ድረስ ይዤው እሄዳለሁ ብዬ። ለካ እኔም በአፌ ቆልፌብህ ኖሬያለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ ስለ እኔ መሆኑን አሁን ነው ያወቅኩት።

ለደንበኞቹ ስለ አንተ ያወራሁትን አንድ በአንድ እያቃናሁ ነው። «ታሞ ነበር፣ ያላወቅኩት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። መምህሩ «ሰላም በይልኝ» ብሏል። ዘበኛው ግን ትክ ብሎ አየኝና «እሱን አትጠይቂውም ነበር እንዴ?» አለኝ።

እንግዲህ የእሑዱን ጥያቄ ልድገመው። ወደ ቤት ትመለሳለህ? አክስታችን ጋ ከተመቸህ ምንም አይደል፣ ደግሞ እኔ ጋ ከመጣህ ክኒንህን… አየህልኝ? አሁንም ልመልስልህ ስል ራሴን ያዝኩት። ይኸው ጠየቅኩህ፣ ጨረስኩ።

መልስህን ደውለህ ንገረኝ፣ ቁጥሬን ታውቀዋለህ። ደውልና የፈለግከውን ያህል ጣራውን እይ። «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልኩ አላጣድፍህም፣ ኔትወርክ ነው ብዬም አልዘጋብህም። ዝም ስልህ ግን መስመሩ የተቋረጠ እንዳይመስልህ። አለሁ፣ እየሰማሁህ ነው።

እህትህ፣
እቴቴ