«ትንሽ ቀራት» እና የመኪናቸው የኋላ ወንበር

በሙያ ጓደኞቻቸው ዘንድ «ትንሽ ቀራት» በሚል ስም የሚታወቁት ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው፣ ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለው ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ልጅ ሳሉ የአባታቸውን የስፌት መኪና ፈታተው ሲገጥሙ አንዲት ብሎን ተረፈቻቸው፤ መኪናዋ ግን ከበፊቱ ይልቅ ፈጥና ሰፋች። እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው «ይህን ልጅ ያበላሸችው ያቺ ብሎን ናት» ይሉ ነበር።

በአውቶ መካኒክነት ተመርቀው በአንድ ጋራዥ ተቀጠሩ፤ ቆይተውም የራሳቸውን ከፈቱ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ታናሿ ገና ጡት ሳትጥል፣ ተርቦ የሚባል የሞተር ጉልበት መጨመሪያ ያላት፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት አውቶሞቢል ገዙ። የተገዛችው ለቤተሰብ ነበር። ወንድማችን ግን የተርቦዋን ግፊት ከፍ አደረጉ፤ ፍሪሲዮኑ አልችል አለ። ፍሪሲዮኑን በጠንካራ ለወጡ፤ ካምቢዮው ተሰበረ። ካምቢዮውን ሲያጠነክሩ ፒስተኑ ቀለጠ። «አለቀች ወይ?» ለሚላቸው ሁሉ «ትንሽ ቀራት» ማለት ልማዳቸው ሆነ፤ ስማቸውም ይኸው ሆኖ ቀረ።

ክብደት ለመቀነስ ብለው የኋላ ወንበሯን አውጥተው በፕላስቲክ ጠቅልለው ዕቃ ቤት አስቀመጡት። በቦታው፣ ብትገለበጥ እንዳትጨፈለቅ ብለው፣ የብረት ዘንግ በየዱ። ባለቤታቸው «ወንበሩን መልስልኝ፣ ልጆቼን ይዤ እንደ ሰው ልሂድባት» ብለው ያልለመኑበት ጊዜ የለም። መልሱ ያው ነበር፤ ስታልቅ ይመለሳል። ልጆቹ በታክሲ እየተጋፉ አደጉ፤ አንዷም ተዳረች።

እውነቱን ለመናገር ደግ አባት ነበሩ። ወደ ቤት ሲመለሱ ተርቦዋ እስክትበርድ ሞተሩን ሳያጠፉ በር ላይ ይቆያሉ። ልጆቹ የፊት ወንበሯን ተሻምተው የትምህርት ቤት ወሬያቸውን ያወሩላቸዋል። እርሳቸውም ስለ ሞተሩ «ሮጦ የመጣ ወዲያው አይተኛም» ይሉ ነበር። የሞተሩን ዘይት አንድ ቀን ሳያሳልፉ ሲቀይሩ፣ የራሳቸውን የልብ መድኃኒት ግን ይረሱ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቤታቸው ውስጥ ወደቁ፤ መቀመጥም አልቻሉም። በሰፈሩ ከእርሳቸው መኪና የሚፈጥን አልነበረም። ሰው የሚያስተኙበት ቦታ ግን አልነበራትም፤ የፊት ወንበሯም ወደ ኋላ የማይጋደም የውድድር ወንበር ነበር። ባለቤታቸው መንገድ ወጥተው ባለ ፒክአፕ ለመኑ፤ የጫነው ሽንኩርት እስኪወርድም ተጠበቀ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አሉ። ወንድማችን በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት የጋራዥ ጓደኞቻቸው ቤተሰቡ በመኪናዋ ሆኖ እንዲሸኛቸው ብለው ወንበሩን ከፕላስቲኩ አውጥተው ሊመልሱት ደከሙ። ወንበሩ እንደ አዲስ ነው። በተበየደው ብረት መካከል ግን አልገባ አለ። «ብረቱን ቆርጠን እናስገባው» ቢሉ ባለቤታቸው «ተዉት፤ እሱን ያላስተኛሁበት ወንበር ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» አሉ። ተመልሶ ዕቃ ቤት ገባ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ለቀሩት መጽናናቱን ይስጥ ይባላል፤ ለእኛ እንኳ ገና ሩቅ ነው። ፈጣሪ ለነፍሳቸው የምትጋደምበት ሰፊ ቦታ ይስጥልን።